የሌላ ልጅ ዕቅድ

ሰውዬውን እጠላዋለሁ። ይህን ከመጀመሪያው መናገር ይሻለኛል፤ አንባቢ መጨረሻው ላይ እርቅ አለ ብሎ እንዳይጠብቅ።

ታናሽ ወንድሜ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ኦቲዝም ነበረበት። አይናገርም። የሚፈልገውን በእኛ እጅ ነበር የሚያሳየን፤ ውሃ ሲጠማው እጄን ይዞ ወስዶ ጀሪካኑ ላይ ያስቀምጠዋል። አባታችን የሞተው እሱ ጡት ሳይጥል ነው። ኮተቤ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ ግቢ፣ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተን እናቴ፣ እኔና እሱ እንኖር ነበር። እናቴ ትምህርት ቤት ታጸዳለች። እኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም። ስለዚህ ቀን ቀን እሱን የምይዘው እኔ ነበርኩ። እኔም ብዙ አልናገርም። ሰው ፊት ስቆም ቃል ይጠፋኛል። ምናልባት ለዚህ ይሆናል የተግባባነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ትወስደው ነበር። እኔም እከተላለሁ። ዳገቱን ሲወጣ እሱን የሚደርስበት አልነበረም። የባሕር ዛፍ ቅጠል በመዳፉ ያሽና አፍንጫው ላይ ይደፍናል፤ ከዚያ ይስቃል።

«እማ፣ ኦቲዝም በውሃ አይለቅም» እላታለሁ።

«ይለቃል ያለህ ማነው? ሽቅብ ሲወጣ ደስ ሲለው አታይም? አንተ ደስ የሚልህ ምንድን ነው እስቲ?»

እኔን ደስ የሚለኝ ማዕከሉ ነበር። ከቤታችን በታክሲ የማይርቅ፣ ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች የሚያሠለጥን የግል ማዕከል ነው። በሩ ላይ «በጥናት የተረጋገጠ የባሕርይ ሕክምና» የሚል ጽሑፍ ነበረው። ይህን ሳነብ ኩራት ይሰማኝ ነበር። የሚመራውን ሰው ወላጆች ሁሉ «ዶክተር» እንለዋለን። ዶክተር አለመሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው። ግን አንድም ቀን «አይደለሁም» ብሎ አላረመንም።

ሥራውን የምታውቀው እሱ ሳይሆን አንዲት ወጣት መምህርት ነበረች። ነፍሰ ጡር ነበረች። ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ቤታችን ድረስ መጣች። ወንበር ስንሰጣት እምቢ ብላ ወንድሜ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ብዙ ሰዓት ምንም ሳትናገር አየችው።

«ደብተር አለህ?» አለችኝ።

«አለኝ።»

«ሦስት ቦታ አስምረው። ከመጮኹ በፊት ምን ነበረ። እሱ ምን አደረገ። ከዚያ እናንተ ምን አደረጋችሁ። ያየኸውን ብቻ ጻፍ።»

«ተናደደ ብዬ ልጻፍ?»

«ንዴት ይታይሃል እንዴ? መልኩ ምን ይመስላል? እጁን ነከሰ በል። መሬት ላይ ተኛ በል።»

ጻፍኩ። ሦስት ሳምንት ጻፍኩ። መምህርቷ ደብተሩን እያገላበጠች ታክሲ ላይ የሚጮኸው ሁልጊዜ ረዳቱ በሩን ካጋጨ በኋላ መሆኑን አሳየችኝ። እኔ ስንት ዓመት አብሬው ስሳፈር አላየሁትም። ትንሽ ካርቶን ላይ የተዘረጋ እጅ ሣለችለት፤ «ይብቃኝ» ማለት ነው። ካርዱን ሲሰጠን ጆሮውን እንሸፍንለታለን፣ ካልበቃው እንወርዳለን። አንድ ቀን ካርዱን ለእኔ መስጠቱን ትቶ ለራሱ ለረዳቱ ዘረጋለት።

«ምንድን ነው ይሄ? መታወቂያ ነው?» አለ ረዳቱ።

«በሩን ቀስ አድርገህ ዝጋው እያለህ ነው» አልኩት።

«ታዲያ እንዲህ አይልም! ሹፌር፣ ጌታው በሩ በቀስታ ይዘጋልኝ ብለዋል!» ታክሲው ሁሉ ሳቀ። ወንድሜም አብሮ ሳቀ። በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ይህን የምጽፈው ትምህርቱን እንዳልጠላሁ እንዲታወቅ ነው። ትምህርቱ ይሠራል። የማይሠራው ሰውዬው ነው። መምህርቷ ያለችኝን እስከ ዛሬ በቃሌ እይዘዋለሁ፦ «በጥናት የተረጋገጠ ማለት ለሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት ማለት አይደለም። ለዚህኛው ልጅ እየሠራ ነው ወይ ብለህ በየቀኑ መለካት ማለት ነው።» ሌላም ብላኛለች፦ «ዋናውን ዕቅድ ከማውጣታችን በፊት ሐኪም ይየው። ጆሮውን፣ ጥርሱን፣ ሆዱን። የማይናገር ልጅ ሲያመውም የሚጮኸው ያንኑ ጩኸት ነው።»

ከዚያ ለመውለድ ፈቃድ ወጣች። ሐኪም ጋ የሚልከን ደብዳቤ ፋይሉ ውስጥ እንዳስቀመጠች ነግራኝ ነበር። ደብዳቤው አልደረሰንም። በምትኩ ሰውዬው ጠራኝና ስድስት ገጽ፣ በፕላስቲክ የተጠረዘ ዕቅድ ሰጠኝ። ፈርሞበታል። ማኅተምም አለው። የወንድሜ ስም ከላይ በትልቁ ተጽፏል።

ታክሲ ውስጥ አነበብኩት። ሁለተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ልጁ ታብሌት ሲወሰድበት ይጮኻል። ጩኸቱ የሰው ትኩረት ለማግኘት ነው። በሚጮኽበት ጊዜ ቤተሰብ ፊቱን ያዙር፤ አያናግረው፤ አይንካው፤ የጩኸቱን ደቂቃ ይመዝግብ።»

እኛ ቤት ታብሌት ኖሮ አያውቅም።

ሳቅሁ። ሲጽፍ የተሳሳተ መሰለኝ። በማግስቱ ልነግረው ሄድኩ። ቢሮው በር ላይ ቆምኩ። ስልክ እያወራ ነበር። ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ «አቤት ጎበዝ፣ ጥያቄ አለ?» አለኝ።

«የለም» አልኩት።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። የተማረ ሰው ነው። ጠረጴዛው ትልቅ ነው። እኔ ውጤት ያልመጣልኝ ልጅ ነኝ። ትልቅ ሰው ማረም ነውር መሰለኝ። የእናቴን ስልክ ማለቱ ይሆናል ብዬም ራሴን አሳመንኩ፤ አልፎ አልፎ ይነካካው ነበርና። እናቴ ማንበብ ብዙም አትችልም። ማታ ዕቅዱን ሳነብላት ያቺን መስመር ዘለልኳት።

ቅዳሜ ወደ ጠበል ስንወጣ ወንድሜ መንገዱ መሐል ተቀመጠ። ዳገት ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ቅጠል ቆርጬ ሰጠሁት፤ ጣለው። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ አንዲት አሮጊት ቆም ብለው አዩት።

«ይሄ ልጅ ጎኑን ይዟል። ወግቶታል» አሉ።

«አመሉ ነው እናቴ» አልኳቸው።

«አመል ጎን አያስይዝም» አሉና ሸክማቸውን አስተካክለው ወረዱ።

ደብተሬን አወጣሁና ጻፍኩ፦ «መንገድ ላይ ተቀመጠ። መሄድ ስላልፈለገ።» መምህርቷ ያየኸውን ብቻ ጻፍ ብላኝ ነበር። እኔ ያላየሁትን ጻፍኩ።

እሑድ ብዙ ጮኸ። አልበላም። ተጠቅልሎ ተኝቶ ይጮኻል። ፊቴን አዞርኩ። ስልኬ ላይ ሰዓት እያየሁ ደቂቃውን መዘገብኩ። እናቴ ልታነሳው ስትመጣ ክንዷን ያዝኳት።

«ተዪው። ፕላኑን ታበላሺዋለሽ።»

«ይሄ ልጅ አሞታል እኮ።»

«ትኩረት ፈልጎ ነው። ተጽፏል።»

«እኔ የወለድኩት ወረቀት አይደለም» አለች። ግን ተወችው። ከሷ ይልቅ እኔ ተምሬያለሁ ብላ ታምን ስለነበር ተወችው። ሰኞ ሥራ ሄደች። እኔና እሱ ቀረን። እሱ እጄን ይዞ ሆዱ ላይ አስቀመጠው። እጄን መለስኩ። «አይንካው» ይላል ወረቀቱ።

ማክሰኞ ጩኸቱ ቀነሰ። ጠዋት ጥቂት፣ ከሰዓት ዝም። የመዘገብኩትን የደቂቃ ሰንጠረዥ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ለሰውዬው ላክሁለት። ወዲያው ደወለ።

«አየህ ጎበዝ? አየህ? ይሄ ነው ሳይንስ ማለት! ሌሎች ወላጆች እንዳንተ ቢጸኑ የት በደረስን!»

ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ረቡዕ ሰውነቱ እሳት ሆነ። ሆዱ ተነፍቶ ደርቋል። እናቴ አዝላው ወደ ሆስፒታል ሮጠች፤ እኔ ከኋላ። ሐኪሙ ሆዱን ነክቶ ወደ እኛ ዞረ።

«ትርፍ አንጀቱ ፈንድቷል። አንድ ሁለት ቀን ሳይሆነው አይቀርም። ሲፈነዳ ሕመሙ ለጥቂት ጊዜ ጋብ ይላል፤ ሰው ተሻለው ብሎ ይሸወዳል። ሆዴን አላለም?»

«አይናገርም» አለች እናቴ።

«አላለቀሰም?»

ደብተሩ ብብቴ ውስጥ ነበር።  ወንድሜ ሐሙስ ጠዋት ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ የማስታውሰው ሰውዬውን ነው። ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ጥቁር ሱፍ ለብሶ ነበር። እናቴን አቅፎ «እግዚአብሔር የወደደውን ይወስዳል» አላት። የፈነዳው አንጀት ጥፋት እግዚአብሔር ላይ ሲለጠፍ ሰማሁ።  ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ከማዕከሉ ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ደጃፍ መቆም ጀመርኩ። መቼ እንደሚገባ፣ መቼ እንደሚወጣ፣ መኪናውን የት እንደሚያቆም አጠናሁ። እንደ ድሮው ደብተር ላይ በሦስት አስምሬ። መስታወቱን በድንጋይ ልመታ አስቤያለሁ። የመኪና ፍሬን እንዴት እንደሚበላሽ አላውቅም፤ ባውቅ ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፈው ሌላ ቦታ ሆኜ ነበር።

አርባው ካለፈ በኋላ መምህርቷ ደወለችልኝ። ከወሊድ ተመልሳለች። እያለቀሰች ነበር።

«ሰንጠረዥህን አየሁት» አለችኝ። «በወላጆች ሥልጠና ላይ እያሳየው ነው። ስሙን አጥፍቶ። ‹ከአንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የተገኘ ውጤት› ይላል። ጩኸቱ ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ ሲወርድ።»

«መቼ ነው የሚቀጥለው?»

«ቅዳሜ ጠዋት። እባክህ ግን ሞኝ ነገር እንዳታደርግ።»

ሄድኩ። ከኋላ ተቀመጥኩ። ሠላሳ የሚሆኑ እናቶችና አባቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹ የተጠረዘ ዕቅዳቸውን ጭናቸው ላይ ይዘዋል። ሰውዬው በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ መስመሩን አበራው። የኔ መስመር ነው። እሑድ ከላይ፣ ማክሰኞ ከታች። በጣቱ ተከትሎት ወረደ። «ጽናት» አለ። «ቤተሰቡ ጸና፤ ልጁ ተለወጠ።»

ቆምኩ። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ ሳምንት ሙሉ በቃሌ ያጠናሁት። ሁሉም ጠፋኝ።

«ያ... ልጅ...» አልኩ።

አወቀኝ። ፊቱ ለአንድ አፍታ ተለወጠና ተመለሰ። «ወንድማችን ሐዘን ላይ ነው» አለ ለስላሳ ድምፅ አውጥቶ። «በጸሎት እናስበው። ተቀመጥ የኔ ወንድም።» ሰዎቹ «ነፍስ ይማር» አሉ። ከጎኔ ያሉ ሴትዮ ጃኬቴን ይዘው ወደ ታች ጎተቱኝ። ልቀመጥ ነበር። ከዚያ ጭናቸው ላይ የተገለጠው ዕቅድ ላይ ታብሌት የሚለውን ቃል አየሁ፤ አንድ ነገር ብቻ መጣልኝ።

«ሁለተኛውን ገጽ ግለጡ» አልኩ። «ታብሌት የሚለውን።»

መጀመሪያ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ አንድ የታክሲ ሹፌር ቁልፉን በጥርሱ ነክሶ ገጹን ገለጠ። አነበበ። ቁልፉን ከአፉ አወጣ።

«እንዴ! እኛ ቤት እንኳን ታብሌት ቴሌቪዥኑም የሚሠራው ሲመቱት ነው።»

ሳቁ። ሌሎችም ገለጡ። ሳቁ ከፊት ወንበር ጀምሮ እየጠፋ ወደ ኋላ መጣ። «የኛም ይላል።» «የኔ ልጅ እኮ የሚጮኸው ሌላ ነው።» «ስሙ ብቻ ነው የተለየው።» ወረቀት ሲገለጥ ብቻ ይሰማ ነበር።

«ልጁ ሞቷል» አልኩ ወደ ግድግዳው እያሳየሁ። «ማክሰኞ ዝም ያለው እየሞተ ስለነበር ነው።» ይህን ሳልንተባተብ ነው ያልኩት። ሰውዬው ማሽኑን ሊያጠፋ ሲጣደፍ ገመዱ እግሩ ላይ ተጠመጠመና ወደቀ። እውነቱን ልናገር፤ ሲወድቅ ያየሁት ደስታ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሽማግሌ ላከ። ልከሰው መሆኔን ሰምቷል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሆነው መጡ፦ የሰፈራችን ቄስ፣ የእድራችን ዳኛና አንድ ጡረታ የወጡ መምህር። ሰውዬውም ከኋላቸው ነበር፤ በጥንቱ ሥርዓት ድንጋይ ተሸክሞ። ጥፋተኛው ድንጋዩን ትከሻው ላይ አድርጎ ይቆማል፤ ተበዳዩ «አውርድ» እስኪለው አያወርድም። የሱ ድንጋይ ከመንገድ ሥራው የተነሳ ትንሽ ኮብልስቶን ነበር።

የእድሩ ዳኛ ዞር ብለው አዩትና «ምንድን ነው ይሄ? ድንጋይ ነው ሳሙና?» አሉት።

ጎረቤታችን ሴትዮ ከበራፋቸው፣ «ሱፉ እንዳይቆሽሽበት ነው፣ ተዉት!» አሉ።

ዳኛው ከአጥሩ ሥር ትልቅ ድንጋይ አሳዩት። ጎንበስ ብሎ አነሳው። ትከሻው ላይ ሲያወጣው አቃሰተ። እናቴ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ተናገሩ። ቀጥሎ እሱ።

«ስህተት ተፈጥሯል። በጣም አዝናለሁ።»

«ማነው የፈጠረው?» አልኩ።

«ማዕከሉ...»

«ማዕከል እጅ የለውም። የፈረመው ማነው?»

«አንተ ልጅ፣ ቀስ» አሉ ጡረተኛው።

«ይናገር፣ ጋሼ። ለኔ አይደለም። ለእናቴ ይናገር። ካልተናገረ አውርድ አይባልም።»

ላቡ በጆሮው ሥር ወረደ። ድንጋዩ ይንቀጠቀጥ ነበር። የበለጠ ቢከብድ ብዬ ተመኘሁ።

«ዕቅዱ የሌላ ልጅ ነበር» አለ በመጨረሻ። «አሮጌ ፋይል ነው። ስሙን ቀይሬ ፈረምኩበት። ልጅዎን ቀርቤ አላየሁትም። የሐኪሙንም ደብዳቤ አልላክሁትም።»

እናቴ ቀና አለች። ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። እኔ ለአዳራሽ ሙሉ ሰው ነግሬ ለሷ አልነገርኳትም።

«የሌላ ልጅ?» አለች። «በምን ይታወቃል የሌላ መሆኑ?»

«ታብሌት ሲወሰድበት ይጮኻል ይላል፣ እናቴ። ሁለተኛው ገጽ ላይ» አለ ሰውዬው።

እናቴ እሱን ማየት ትታ ወደ እኔ ዞረች። ቀስ ብላ ነው የዞረችው።

«አንተ አንብበህልኝ የለ?»

 ሽማግሌዎቹም ወደ እኔ ዞሩ።

«አነበብኩልሽ።»

«ታብሌት አልሰማሁም።»

«ዘለልኩት» አልኩ። «አይቼው ነበር እማ። ልነግረው ሄጄ... አፈርኩ።»

 ወንድሜ ይጮኽ የነበረበትን ቀን፣ ክንዷን የያዝኩበትን ቀን እያሰበች እንደነበር ከፊቷ አወቅሁ። ከዚያ ለሰውዬው «አውርድ» አለችው። ድንጋዩ ዱብ አለ። ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው ሊባርኩ ሲሉ እጇን አነሳች።

«አባ፣ ይቅር አላልኩም። ወገቡ ሲቆረጥ ማየት አልፈልግም፤ እሱን ነው ያልኩት።» ተነስታ ገባች። በሩን ዘጋችው። እኔም እሱም ውጭ ቀረን።

ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ከሥራ ስትመለስ ነጠላ ወረቀትና እስኪርቢቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ክሱን ጻፍ» አለች። «ሁሉንም ጻፍ።»

ገባኝ። የራሴን ጥፋት ከጻፍኩ ሰውዬው እንደሚጠቀምበት አውቅ ነበር፤ «ወንድምየው አውቆ ነው ዝም ያለው» እንደሚል። ያሰብኩት ያንን ብቻ ነው። ካልጻፍኩ ግን ክሱ ራሱ ከመሐሉ አንድ መስመር የተዘለለበት ወረቀት ይሆናል፤ እንዲህ ባለ ወረቀት እሱን መጣል አልችልም። ስለዚህ ጻፍኩ። ተከሳሽ በሚለው ቦታ የሱን ስም። ከሥሩ የኔን። ክሱ እሱን እስከጣለው ድረስ እኔ አብሬ ብወድቅ ግድ የለኝም። ሳነብላት አላለቀሰችም። አንድ ቦታ ብቻ አስቆመችኝ፤ እጄን ይዞ ሆዱ ላይ አስቀመጠው የሚለው ላይ። «ይሄንንም አልነገርከኝም» አለች። ከዚያ ፈረመች።

ማክሰኞ ጠዋት ቅሬታ የሚቀበለው ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊዋ አነበበች፤ እየዘገየች አነበበች። ጣቷን ሁለተኛው ስም ላይ አሳረፈች።

«ይሄኛው ተከሳሽ አድራሻ የለውም። የት ነው የሚገኘው?»

«እኔ ነኝ።»

«አቅራቢው አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ።»

«ራስህን ልትከስ?»

«ከሱ ጋር።»

መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። «ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ ቅጽ የለንም።»

«ኃላፊውን ይጠይቁልኝ» አልኳትና አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። «እጠብቃለሁ።»